የልጅ ቀለብና አስተዳደግ፦ ከጅማ አንባቢዎች ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆነን። ለሁለቱ ልጆቼ የተወሰነው 2000 ብር ዛሬ ለትምህርት ቤት እንኳ አይበቃም። አባታቸው ቡና ነጋዴ ሲሆን ችሎት ፊት «ደመወዝ የለኝም» ይላል። ምን ላድርግ? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ስለ ልጆች የተሰጠ ውሳኔ እንደ ንብረት ክፍፍል አንዴ ተቆርጦ የሚቀር አይደለም፤ የልጆቹ ፍላጎት ወይም የከፋዩ አቅም ሲለወጥ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። በከተማችን «ቀለብ የደመወዝ ሲሶ ነው» ሲባል ይሰማል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከሠራተኛው የወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል እንጂ ቀለብን በሲሶ የሚተምን ድንጋጌ የለም። ነጋዴ ደግሞ ፔሮል ባይኖረው ኑሮው ይመሰክርበታል፤ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙንና የመኪናውን ሊብሬ ይጥቀሱ፣ የባንክ ሒሳቡ እንቅስቃሴም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ይጠይቁ። የቡና ገንዘብ በብዛት የሚገባው በለቀማው ወራት ስለሆነ፣ በሐምሌ «ኪሴ ባዶ ነው» ቢል ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ሳይሆን የዓመት ገቢው እንዲታይ ማመልከቱ ይበጃል። የልጆቹን ወጪ በተመለከተ፣ የዩኒፎርምና የሕክምና ደረሰኞችን በየወሩ ለይታ በልጇ አሮጌ ደብተር ላይ ለጥፋ ያቀረበች እናት አውቃለሁ፤ ዳኛው ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ጠበቃዋ የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ውዝፍ ካለም አያዘግዩ፤ ሳይጠየቅ የከረመ ቀለብ «ሳያስፈልጋቸው ነው የኖሩት» የሚል ክርክር ያስነሳል።

ጥያቄ፦ ቀለቡን በየወሩ በባንክ አስገባለሁ፤ ልጄን ካየሁ ግን አራት ወር ሆኖኛል። መክፈሉን ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። ቀለቡ የልጁ እንጂ የእናቲቱ ስላልሆነ በእርሷ ጥፋት ሊቀጣ አይገባም፤ ያለ በቂ ምክንያት ማቋረጥም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስጠይቃል። ልጅዎን የመጠየቅ መብትዎ በፍርዱ ላይ ከሰፈረ፣ ፍርዱ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። «በየጊዜው ይጠይቃል» ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ ግን፣ ለብዙ ጠብ መነሻ የሆነው እንዲህ ያለው ልል ቃል ስለሆነ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና መረካከቢያው ቦታ ተለይቶ እንዲወሰን ይጠይቁ። በአንድ ወቅት በችሎት ኮሪደር የልጅ ጫማ ይዞ የተቀመጠ አባት አግኝቼ ነበር፤ ቁጥሩ 28 ሲሆን ልጁ 31 መድረሱን የሰማው እዚያው ነው። እናቶችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የግድ ለእናት ይሰጣል?

መልስ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እንዲያ ይል ነበር። የ1992ቱ የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ትቶ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁ ዕድሜና ጥቅም እንዲመዘን አድርጓል። ጅማ የምትዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995ና በማሻሻያው፣ ቢሆንም የልጁን ጥቅም የሚያስቀድመው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በሁሉም ቦታ ይሠራል። ሕፃናት በአብዛኛው ከእናት ጋር የሚቀሩት በዚሁ ሚዛን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጉዳያችንን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይፈልጋል። እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቤቱ ለእኔ ሊሆን፣ እሱ ደግሞ ቀለብ ላይከፍል ሽማግሌዎች ፊት ተፈራርመናል። ይጸናል?

መልስ፦ የቤቱ ጉዳይ የእናንተ ነው፤ ቀለቡን ግን የልጁ መብት ስለሆነ እርስዎ ሊተዉለት አይችሉም። በስምምነት ለመፋታት የተጻፈው ውል ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ዳኛው የልጁን ደኅንነት የማይጠብቅ ሆኖ ካገኙት ፍቺውን ብቻ አጽድቀው የልጁን ነገር ራሳቸው ሊወስኑ ይችላሉ። ውሉ ገና ካልቀረበ ቀለቡን የሚያስቀረውን አንቀጽ አውጥታችሁ፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በዚያው ቋንቋ አስጽፋችሁ አቅርቡ።