ጣና ዳር የሞከርነው ድንኳን ደባርቅን ይችላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፤

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን። ለጥምቀት ሦስት ቀን ስላለን ወደ ደባርቅ ወጥተን፣ ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳንቃበር ላይ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። ጥር 10 እስከ እኩለ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። 7 ሰዓት ላይ በራሳችን ቪትዝ ተነስተን ማታውኑ ሳንቃበር እንገባለን ብለናል።

ድንኳኑ ለአራት ሰው የሚሆን፣ ሁለት ልባስ ያለው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ጣና ዳር ተክለን አደርንበት። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱንም ዚፑንም ጥርቅም አድርገን ዘጋን። ሊነጋ ሲል ጣሪያው ከውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ብርድ ልብሱ ራሰ። ዝናብ ግን ጠብ አላለም። ድንኳኑ ያፈሳል ማለት ነው? ለሻጩ ልመልሰው? የተኛነው በሚነፋ ፍራሽ ላይ ነው፤ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን እንኳ ጀርባችንን ሲበርደን አደረ።

ለደባርቅ ብርድ ባለቤቴ ያሰበችው ከሰል በማንደጃ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ ድንኳኑ ውስጥ ለማስገባት ነው። ለምግብ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሩዝና የባቄላ ንፍሮ ልንቀቅል ነው። የሚታረም ካለ ይንገሩን።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት ከሰሉ። ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ ቢያልቅም፣ ፍሙ አመድ ቢለብስም፣ ዚፑ በግማሽ ቢከፈትም አይግባ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ያመነጨዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይቀሰቅሰው እንደተኛ ይቀራል። ባለቤትዎ ማንደጃውን ውጭ ቡና ያፍሉበት፤ ሲያበቁ ፍሙ ላይ ውሃ ይፍሰስበትና እዚያው ውጭ ይደር። የጋዝ ምድጃውም እንዲሁ፣ ድንኳን ውስጥ አይለኮስም።

ድንኳኑን አይመልሱት፤ አላፈሰሰም። የተንጠባጠበባችሁ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል። አራት ሰው በተጠረቀመ ጨርቅ ውስጥ፣ ያውም እርጥበት በማይለየው ሐይቅ ዳር ሲያድር፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ሳንቃበር ላይ ጣሪያው ላይ አመዳይ ሆኖ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ብርድ ልብሳችሁ ላይ ይዘንባል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ያለውን መተንፈሻ አትዝጉ፤ የበሩንም ዚፕ ከላይ አንድ ስንዝር ክፈቱት። የውጩን ልባስ ደግሞ ከውስጠኛው ጋር እስከማይነካካ ድረስ ወጥሩት፤ ሁለቱ ጨርቆች በተጣበቁበት ሁሉ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አዎ። ግን ደረቅ ብርድ ልብስ በቀዝቃዛ አየርም ያሞቃል፤ የራሰው አያሞቅም።

ጀርባችሁን ያስበረደው መሬቱ ነው። በሚነፋው ፍራሽ ውስጥ ያለው አየር እንደልቡ ይዘዋወራል፤ የገላችሁን ሙቀት ከላይ ተቀብሎ ከታች ለመሬቱ ያቀብላል። ከላይ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ብትጨምሩ ለውጥ የለውም። ሂሳቡን እንየው፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ሳንቃበር 3,250። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ልዩነቱ 9 ዲግሪ ይሆናል። የጥር ሌሊት ባሕር ዳር ላይ ወደ 8 ወይም 9 ዲግሪ ሲወርድ እዚያ ዜሮ ደረሰ ማለት ነው። ጣና ዳር ያልቻላችሁትን ፍራሽ ይዛችሁ ውርጭ ላይ አትውጡ።

አነጣጠፉ እንዲህ ይሁን። ከድንኳኑ ወለል ሥር ሸራ፤ ከድንኳኑ ጠርዝ አንድ ጋት ወደ ውስጥ ገባ ይበል፣ ወደ ውጭ ከተረፈ ጤዛውን ሰብስቦ ከሥራችሁ ይከተዋል። ውስጥ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ አጎዛ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ። ከአጎዛ የሚበልጥ ነገር ሱቅ ውስጥ አትፈልጉ። ለሁላችሁ ካልበቃ ለልጆቹ ይሁንና እናንተ ከሁለቱ ብርድ ልብሶች አንዱን ከሥር አንጥፉት። ልጆቹ መሐል ይተኙ፤ ቀን የዋሉበትን ካልሲና ልብስ ቀይረው፣ ኮፍያ አድርገው።

ካስማውን ቀጥ አድርጎ መምታት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። አውታሩ ሲወጠር ሽቅብ ይነቅለዋል። ራሱን ከድንኳኑ አርቃችሁ፣ ጫፉን ወደ ድንኳኑ አስገብታችሁ አጋድሙትና ምቱት፤ ያኔ አውታሩ በሳበው ቁጥር መሬቱን ይነክሳል። ድንጋይ ከገጠመው ካስማውን አታጣምሙ፤ አውታሩን የራስ ቅል በሚያህል ድንጋይ ላይ አስራችሁ ሌላ ድንጋይ ጫኑበት። በሩን ለነፋስ ጀርባ አሰጡ። ከገደሉ አፋፍ ራቁ፤ ልጆች ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ከትልቅ ሰው ጋር፣ ባትሪ ይዘው ይሁን።

የጉዞ ዕቅድዎ ግን አይሆንም። ጥር 10 ከተራ ነው። በ7 ሰዓት ከባሕር ዳር ቢነሱ 180 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ጎንደር የሚደርሱት 10 ሰዓት አካባቢ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበት ሰዓት ነው። መኪና ይዞ በዚያ ሕዝብ መሐል ማለፍ ዘበት ነው፤ ጎንደር ልደር ቢሉም አልጋ አያገኙም። የግማሽ ቀን ፈቃድ ይጠይቁና ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጎንደርን ካለፋችሁ፣ የቀረውን 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ምሳችሁን ደባርቅ ትበላላችሁ። ፈቃዱ ካልተገኘ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት መጨረሻ ያስተላልፉት። በየትኛውም ቀን ቢሆን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ከመናኸሪያ ሾፌሮች ይጠይቁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ሆቴል እደሩ። ሆቴል ሽሽት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ ከሐይቅ ዳር በአንድ ቀን 3,250 ላይ ወጥቶ መተኛት ለልጆች ራስ ምታትና ማስመለስ ሊያመጣ ይችላል። በዚያው ከሰዓት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ተመዝገቡ፣ ክፈሉ፣ ስካውት (አብሯችሁ የሚወጣ የፓርኩ ጠባቂ) ያዙ። ያለ ስካውት አይገባም፤ በበዓሉ ዕለት ደግሞ ቢሮ ሰው ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ጥር 11 ጠዋት ጥምቀቱን እዚያው ደባርቅ አክብራችሁ ከሰዓት ሳንቃበር ውጡ።

ቪትዟን ሆቴሉ ግቢ ተዋት። ከደባርቅ በኋላ ያለው ኮረኮንች ሆዷን ይፈገፍገዋል፤ ሞተሩም በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ስለሚያጣ፣ አራት ሰውና ስካውት ከነዕቃው ጭና ዳገት አትወጣም። ደባርቅ ላይ ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ።

ምግቡ ላይ ባቄላውን ቤት ተዉት። ባሕር ዳር ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ሳንቃበር 89 ላይ ይፈላል፤ ይንተከተካል እንጂ ባቄላ አያበስልም፤ ጋዛችሁን ጨርሶ ጥሬ ያስበላችኋል። ሩዝም ከወትሮው በላይ ይፈጃል። ሽሮ ግን ቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ አንድ ብርጭቆ ለአራት ሰው ይበቃል። ለጠዋት ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ለጥምቀቱ ቋንጣ። ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር አስቡ። ምድጃችሁ በቡቴን የሚሠራ ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጋዙ አይተንም፤ ጠዋት ቢለኩሱት ይጠፋል። ጣሳውን ከምድጃው ፈትታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት፤ እሳት ላይ ግን እንዳታሞቁት። ማገዶ እለቅማለሁ ብላችሁ ደግሞ አትተማመኑ፤ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። ይህ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ የቆየ ነው፤ ለአስታው ቅርንጫፍ የሚሳሱለት በከንቱ አይደለም።

አረቄ ብርድ ያባርራል የሚላችሁ ይኖራል። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣው ለጊዜው ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን ከሰውነት ወጥቶ ይሄዳል። ጭላዳዎቹን አታብሉ፤ የሚበላ ነገርም ውጭ አታስቀምጡ፤ ጭላዳ ቢተወው ቁራ አይተወውም። ከልጆቹ አንዱ ራሱን ካመመው ዕረፍትና ውሃ ስጡት። ማስመለስ ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ደባርቅ ውረዱ፤ ስለዚህ የመኪናው ሾፌር እዚያው እንዲያድር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጥር 12 ጎንደር ላይ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ስለሚመለስ ለመመለሻው አንድ ሰዓት ትርፍ ያዙ። ድንኳኑን ጠዋት ከነአመዳዩ ጠቅልላችሁት ከሆነ፣ ቤት እንደገባችሁ ፍቱትና ጥላ ሥር አስጡት፤ በከረጢቱ ካደረ በሁለት ቀን ሻጋታ ያወጣል።