ጥዶቼ ለምን የጠርሙስ ብሩሽ መሰሉ?

ጥያቄ፦ ለሞዴል ባቡሬ ጫካ ልሰራ ብዬ ከሽቦና ከቃጫ ጥድ ሰራሁ፣ ግን ሁሉም የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ነው የሚመስሉት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ፣ አሰራርህ ልክ ነው፣ ቃጫውን አብዝተኸው ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ስትደረድረው ሳሳ አድርገው፣ ከታች ረዘም ከላይ አጠር እያለ ይሂድ፣ ከዛ በድሪል ቀስ ብለህ ጠምዝዘው። ዋናው ነገር ግን መቀሱ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ዙሪያውን አስተካክሎ ይከረክመውና እዛ ላይ ይበላሽበታል፣ እውነተኛ ጥድ እኮ ቅርንጫፉ የተራራቀ ነው፣ በመሀሉ ሰማይ ይታያል፣ ጫካ ውስጥ ያደገው ደግሞ ግንዱ ከስር ራቁቱን ነው፣ ስለዚህ እዚህም እዛም ቆረጥ ቆረጥ እያደረግክ ክፍተት ፍጠርለት። መጀመሪያ ግራጫ የገባበት ቡናማ ቀለም ንፋው፣ ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ነፍተህ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የስፖንጅ ዱቄት በስሱ ከላይ በትንበት። ደማቅ አረንጓዴ በጭራሽ፣ ፕላስቲክ ያስመስለዋል! ቁመቱ በ1:87 ስኬል፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ የ20 ሜትር ዛፍ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል፣ ባቡሩን ይውጥብኛል ካልክ ከ12 እስከ 18 ይበቃል፣ አጫጭሮቹን ወደኋላ ትከላቸው፣ ጫካው የራቀ ይመስላል።