ስም ስትጠሩ ቀና በሉ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወረዳ ከምትመደቡት መካከል ሴፍቲኔት ላይ፣ ማለትም ለምግብ ለሚቸገሩ ቤተሰቦች እህል ወይም ብር በሚሰጠው ፕሮግራም፣ እንድትሠሩ የሚደርሳችሁ አትጠፉም። ያኔ «ያልሠራ አይብላ» የሚል ክርክር ይገጥማችኋል። እኔም በጉብዝናዬ እንዲያ ባይ ነበርኩ።

ጎጃም ሲባል ሰው የሚታየው ጤፍና ማር ነው። ወደ አባይ በረሃ የወረደ ግን ሌላ ጎጃም ያያል፤ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ የቀረ። እኔ የሠራሁት እዚያ ነው። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ደንቡ ግልጽ ነበር። ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካማ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሕፃን አይሠራም።

አንድ ጠዋት እርከን ሥራው ላይ የአንዲት እናት ስም ስጠራ «አቤት» ያለችው ልጇ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ድንጋይ በነጠላ አዝላለች። ደብተሯ በፌስታል ተጠቅልሎ ግራር ሥር ተቀምጧል። እናቷ አራስ ናት። ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ያላስገባኋት ደግሞ እኔው ነኝ፤ «ከጤና ኬላ ማስረጃ አምጪ» ብዬ። ቀና ብዬ ልጅቷን አየሁ፣ አጎነበስኩና «ተገኝታለች» ብዬ ምልክት አደረግሁ። በዚያው ሰዓት መምህሯ «ቀሪ» ብሎ ጽፎ ይሆናል።

ድጋፍን ከግዴታ ጋር ማሰር ይበጅ እንደሆነ ተመራማሪዎች ማላዊ፣ ዞምባ ላይ ልጃገረዶችን በቡድን ለይተው ሞክረውታል። ለአንዳንዶቹ ብሩ ትምህርት ቤት እስከተገኙ ድረስ ብቻ ነው። ለሌሎቹ እንዲሁ ሰጧቸው። ግዴታ ያለባቸው በትምህርታቸው የተሻለ ጸኑ። ያለ ዕድሜ ጋብቻና እርግዝና የቀነሰው ግን እንዲሁ በተሰጣቸው ዘንድ ነው፤ ትምህርት ያቋረጠችውም ብሩ አልቀረባትማ! ይህን ለጎጃም ሰው ማብራራት አያሻም።

ግዴታን አልጠላም። ያኔ የካብነው እርከን አፈር ይዟል፣ ሣር አብቅሏል። ግን ግዴታ ስትጥሉ መንገዱን እናንተው ሄዳችሁ እዩት። ጤና ኬላው ተዘግቶ በሰነበተበት ወር «ክትትል አላደረገችም» ብላችሁ እህሏን አትቁረጡ። ደንቡ ለተቀባይ ብቻ አይደለም፣ ለሰጪም ነው። ማስረጃ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ ስጡ፣ ወረቀቱ ይደርሳል።

የእሷም ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ጤና ኬላው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ያመጣችው ራሷ አራሷ ናት፣ በእግሯ፣ ጨቅላውን አዝላ።