«ሀሁ» አልገባ ያላት ልጄ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዳውን ሲንድረም አለባት፤ ከውልደቷ ጀምሮ ያለ፣ የአእምሮ ዕድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን አንደኛ ክፍልን ትደግማለች። መምህሯ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል፤ «ዋናው ሌላውን አለመረበሿ ነው» ይሉኛል። ማታ ማታ የፊደል ገበታ ይዤ «ሀ ሁ ሂ» አስብላታለሁ። ተከትላኝ ትላለች፤ ሲነጋ አንዱም የለም። እልኸኛም ናት፣ ፊቴን ካላየች ስጠራት ዞር አትልም። መምህሯን ደግሜ ባናግራቸው «ለምን ትደክሚያለሽ?» አሉኝ። እኔስ ወድጄ ነው የምደክመው? የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ሲያነብ የኔዋ ሥራ ጠዋት የወንድሞቿን ደብተር ማደል ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ወረቀት ተለብጠዋል፤ ስማቸውን አይታ ለየባለቤቱ ትሰጣለች። እሱ ምን ይረባል? አማቴ መንዝ ወስጄ እኔው ጋ ትኑር እያሉ ነው። ከትምህርት ቤት ባስወጣት ኃጢአት ይሆንብኛል?

የቸገራት እናት

እህቴ፣

እልኸኛ መሆኗን በምን አወቅሽ? ፊትሽን ካላየች የማትዞር ልጅ ላትሰማሽ ትችላለች። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መስማት ይቸግራቸዋል፤ በጣም የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ለጆሮ ሐኪም አሳያት፤ ዓይኗንም ጭምር። መምህሯም የፊት ወንበር ይስጧት። ያልሰማችውን ፊደል እንዴት ትያዘው?

ደግሞስ ልጅሽ እያነበበች ነው! ስም አይታ ደብተር መለየት ንባብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «ምን ይረባል» ማለትሽ በእውነት አናዶኛል።

እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ በጆሯቸው ከሰሙት ይልቅ በዓይናቸው ያዩት ይቀርላቸዋል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል እስከ ሰባተኛው ድረስ፣ 231 ሆሄ፣ በዜማ አስይዛታለሁ ማለት በሚደክማት በኩል መግፋት ነው። ገበታው ለጊዜው ይቆይና ከምታውቀው ሙሉ ቃል ጀምሪ። የወንድሞቿን ስም፣ «እማዬ»ን፣ «ዳቦ»ን በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፊ፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት አድርጊው። መጀመሪያ ተመሳሳዩን በተመሳሳዩ ላይ ታስቀምጥ። እሱን ስትለምድ «ዳቦ የቱ ነው?» በያትና ታንሣ። ስሙን ራሷ እንድትጠራ መጠየቅ የመጨረሻው ነው፤ አፏ ቢኮላተፍ ንባቧን አትናቂ። ቃሉ ሲበረክት ፎቶዋን ለጥፈሽ ከሥሩ «ዳቦ እበላለሁ» ብለሽ ጻፊላት። ፊደሉ ከዚያ ይመጣል፤ የ«ዳቦ»ን «ዳ» ካወቀች «ዳኛ» ላይ ታገኘዋለች። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይሰለቻት አቁሚ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ ግን እንዳታስወጫት እለምንሻለሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ የመማር መብቷ እዚያ ውስጥ አለ። መምህሯ እንቢ ካሉ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ ከዚያም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሂጂ። አማትሽ ልጅቷን ስለሚወዱ ነው፤ ለክረምት መንዝ ትሂድላቸው፣ ካርቶኖቿንም ያዥላት። መስከረም ላይ ግን ክፍሏ ትገኝ።