መልስ፦ የማልዲቭስ ደሴቶች ከሕዋ ሲታዩ ለምን ቀለበት ይመስላሉ?

የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፤ የቀለበቱ ምክንያትና ኮራሉ (ኖራ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ የባሕር እንስሳ) ራሱ በሳተላይት ፎቶ ላይ ይታይ እንደሆነ።

ኮራል ብርሃን ስለሚፈልግ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የእሳተ ገሞራ ደሴትን ዳርቻ ዙሪያውን ይከባል። ደሴቱ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ኮራሉ ግን ወደ ላይ ማደጉን አያቆምም። ተራራው ሲጠፋ ዙሪያው ብቻ ይቀራል። ይህን ሐሳብ ቻርለስ ዳርዊን በ1842 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የቀለበት ደሴት ኤኔወታክ ላይ ሲቆፈር ከ1,200 ሜትር በላይ ኖራ ድንጋይ ታልፎ፣ ልክ ዳርዊን እንዳለው፣ የእሳተ ገሞራ አለት ተገኘ። እኔ እስካሁን ይገርመኛል! በማልዲቭስ ላይ የባሕር ወለል ከፍና ዝቅ ማለቱም ቅርጹን ሠርቶታል። ሂደቱን በግማሽ መንገድ ላይ ማየት ከፈለግክ የፓስፊኳን ደሴት ቦራ ቦራን በሳተላይት ካርታ ላይ ክፈት፤ ተራራው ገና መሃል ላይ ቆሟል።

ወደ ሁለተኛው ስመጣ፣ ያ ደማቅ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ኮራል አይደለም። በአብዛኛው ነጭ አሸዋ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል፣ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይገባና ከአሸዋው ተመልሶ ይወጣል። ኮራሉን ቡናማና ጠቆር ባሉት ቦታዎች ፈልገው። ግን ተጠንቀቅ፣ የባሕር ሣርም እንደዚያው ይጠቁራል። ሴንቲኔል-2 በተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ፎቶ ላይ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለምትሸፍን ከፎቶው ብቻ መለየት ይከብዳል፤ ጠላቂ ወርዶ ማረጋገጥ አለበት። ምስሎቹ በነፃ ይገኛሉ፣ ደመና የሌለበትን ቀን ምረጥ።