ሰርቨሩ ዲስኮቹን አላሳይ ሲል

ጥያቄ፦ ጅማ ለሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በተገዛ ያገለገለ ሰርቨር ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ልጭን ብሞክር የዲስክ መምረጫው ገጽ ባዶ ሆነብኝ። ባለ 4 ቴራባይት 4 ዲስኮች አሉት፤ መብራታቸውም ይበራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዲስ ዲስክ ለመግዛት አይቸኩሉ። ዲስኮቹ የተያያዙት ከሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ ከሚያስተዳድር ካርድ) ጋር ከሆነ፣ ካርዱ ላይ ቨርቹዋል ዲስክ (ዲስኮቹ ተጣምረው እንደ አንድ ዲስክ የሚታዩበት) እስካልተፈጠረ ድረስ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ምንም አያይም። ሰርቨሩ ሲነሳ ወደ ሲስተም ሴትአፕ ይግቡ (ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ አዳዲሶቹ ኤችፒ ከሆኑ ኤፍ9)፤ የሬይድ ካርዱን ከፍተው አራቱን በሬይድ 10 (እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ በሚቀመጥበት አሠራር) ያዋቅሩ። 8 ቴራባይት ግድም ያገኛሉ። ይህ ግን የነበረውን መረጃ ያጠፋል፤ የሚፈለግ ፋይል ካለ አስቀድመው ያውጡ።

አሁንም ባዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የሬይድ ካርዱ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገው ሶፍትዌር) ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱና ፋይሉን ዘርግተው ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ጫኚው የሚፈልገው ባለ «አይኤንኤፍ» ፋይሉን እንጂ የታሸገውን ፕሮግራም አይደለም። ከዚያ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ይጫኑ።

የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) ያስነሱት። በድሮው ባዮስ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለው ቦታ አይገኝም። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ጭነቱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ ባይጀምሩ ይሻላል።