ማዘርቦርድ ሲላክ ባብል ራፕ ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ የሸጥኩትን ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩና ከነማቀዝቀዣው በባብል ራፕ (አየር በቋጠረ ፕላስቲክ) ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን ጋዜጣ ጠቅጥቄ ላክሁት። ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ደርሷል፤ ገዢው ግን “አይነሳም” አለኝ። አሁን ግራፊክስ ካርድና ሃርድ ዲስክ ልልክ ነው። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ካርቶኑ ደህና ሆኖ ዕቃው ከተበላሸ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ክብደትና ስታቲክ ኤሌክትሪክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ቻርጅ) ናቸው።

ትልቅ ማቀዝቀዣ ከነፋኑ 1 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ካርቶኑ በተጣለ ቁጥር ይህ ክብደት ቦርዱን ያጎብጠዋል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም የቦርዱን የኤሌክትሪክ መስመሮች ይበጥሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ተፈትቶ ለብቻው ይጠቅለል። ከመፍታትዎ በፊት ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ ያህል ያሠሩትና አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሲሞቅ ይለሰልሳል። እንደ ኤኤምዲ ኤኤም4 ባሉት፣ ፒኑ (ቀጭኑ የብረት እግር) ፕሮሰሰሩ ላይ በሆነው ዓይነት፣ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሚሰካበት ሶኬት ነቅሎ ሊያወጣውና ፒኑን ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያላቁት። ፒኑ ሶኬቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ክፍቱን አይላኩት። የፕላስቲክ ክዳኑ ከጠፋ ፕሮሰሰሩ እዚያው እንደተቆለፈ ይሂድ።

ወደ ስታቲኩ ስንመጣ፣ ሰው ብልጭታው የሚሰማው 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት በታችም ሊጎዳ ይችላል። ተራ ባብል ራፕ ሲፋተግ ራሱ ስታቲክ ያመነጫል። ቦርዱን ባዶውን በባብል ራፕ መጠቅለል ከግጭት እያዳኑ ለስታቲክ ማጋለጥ ነው። መጀመሪያ ብርማው አንቲስታቲክ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ አፉ ታጥፎ ይታሸግ፤ ባብል ራፑ ከዚያ በላይ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ስታቲክ አያመነጭም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከላከልም። አልሙኒየም ፎይል የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ቦርዱ ላይ ያለችውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሾርት ያደርጋታል።

ግራፊክስ ካርዱም በዚሁ መንገድ ይታሸግ፤ ባብል ራፑ የፋኑን ክንፎች እስኪጫን ድረስ ግን አይጠበቅ።

ሃርድ ዲስኩን ከካርዱ ጋር በአንድ ካርቶን አያድርጉት፤ ከባድ ስለሆነ ካርዱን ይደቁሰዋል። ከረጢቱ ውስጥ አስገብተው በስድስቱም ጎን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ያድርጉለት። ጋዜጣ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ክፍተት ይፈጥራል፤ ዕቃውም በዚያ ክፍተት እየተንገዋለለ ይሄዳል። ስፖንጅ የታሸገበትን ትንሽ ካርቶን ትልቅ ካርቶን ውስጥ ቢያስገቡትና በሁለቱ መካከል ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሞሉ ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ከማሸግዎ በፊት የየዕቃውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ እሱ ነው። ካርቶኑን አንስተው ይወዝውዙት። ትንሽም ቢሆን ድምፅ ከሰሙ፣ ከፍተው መሙያ ይጨምሩ።